አፌ ይዘምራል፣ ልቤ ግን ደረጃው ላይ ቀርቷል

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው። ጸሐፊዋ «ስሜ ይቆይ» ብላለች። ረዘም ያለ ስለሆነ ዋና ዋናውን ላስነብባችሁ።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቁ 9 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 5። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ነው። ውሃ በሳምንት ሁለቴ፣ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው የሚመጣው፣ እሱም እኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም። ከታች እየቀዳሁ በጀሪካን አወጣለሁ። ትንሿ አንዳንዴ ትነቃና በሃይላንድ ውሃ ይዛ ከኋላ ከኋላዬ ትከተለኛለች።

ባለቤቴ የሚኒባስ ሹፌር ነው። የሚነዳት መኪና ሞተሯ ተበላሽቶ ከቆመች አራት ወር ሆናት። ከ2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አይቀመስም፣ ባለንብረቱ እስኪያሠራት እየጠበቅን ነው። ባለቤቴ ቤት ውሎ ቤት ያድራል፣ ብዙም አያወራም። ቤቱ የሚተዳደረው በእኔ ደሞዝ ብቻ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ።

በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር 11 ዓመት አገልግያለሁ። አሁን ግን መድረክ ላይ ቆሜ አፌ ይዘምራል፣ ልቤ ግን ደረጃው ላይ ቀርቷል። አንድ ረቡዕ በቤት ኅብረታችን ‹ደክሞኛል› ብዬ ብናገር አንዲት እህት ‹እንዲህ አትበይ፣ ጠላት ይሰማል፣ ይልቅ አመስግኚ፣ ምስጋና በር ይከፍታል› አለችኝ። እሺ ብዬ አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ማታ አመሰገንኩ። በሩ አልተከፈተም። አሁን እንዴት ነሽ ሲሉኝ ‹ጌታ ይመስገን› እልና አልፋለሁ፣ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ። ከልብ ያልወጣ ምስጋና ኃጢአት ነው? ኳየሩን ልልቀቅ?»

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መልሱን ላስቀድም፣ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናወራለን። ኃጢአት አልሠራሽም። ኳየሩንም አትልቀቂ። ግን ለጥቂት እሁዶች መድረክ ላይ አትውጪ፣ ለምን እንዲህ እንደምልሽ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ስለዚያች እህት። ክፉ አስባ ያለችው አይመስለኝም። ሰው አጠገባችን ሲሰበር የምንለው ይጠፋናል፣ ያኔ የሰማነውን እንደግማለን። ግን ያ «ጠላት ይሰማል» ያለችው ነገር አፍሽን አዘግቶሻል፣ እኔን ያስቆጨኝ እሱ ነው። ጠላት ቢሰማስ? ጌታስ አይሰማም እንዴ? ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። አንዲት ሴት በሌሊት ያንን ተሸክማ አራት ፎቅ ወጥታ፣ ያውም ተመላልሳ፣ ነግቶ ደግሞ ሥራ ገብታ ሙሉ ቀን ቆማ ውላ «ደከመኝ» ብትል እምነቷ ጎደለ ሊባል ነው? ልጅ የሚያለቅሰው እኮ የሚሰማው ሰው እንዳለ ሲያውቅ ነው።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ኦርቶዶክስ ነበረች። ዳዊቷን ሳትደግም እህል ውሃ አትቀምስም ነበር። ዳዊትን ለሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው የሚደግሙ ሰዎች አንድ የምወድላቸው ነገር አለ። ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ዛሬ ከፍቶኛል ብለው መዝሙር አይመርጡም። ተራው የደረሰውን ይደግማሉ። ከ150ዎቹ መዝሙሮች ደግሞ ሲሶ ያህሉ እሮሮ ነው። «እስከ መቼ ትረሳኛለህ» የሚለው 13ኛው መዝሙር፣ በግዕዙ ዳዊት 12ኛው፣ ተራው ሲደርስ ይባላል፣ የሚደግመው ሰው ቢከፋውም ባይከፋውም። 88ኛው፣ በግዕዙ 87ኛው፣ ከሁሉም የከበደ ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ አልቅሰው አልቅሰው መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይመለሳሉ፣ እሱ ግን አይመለስም፣ ጨለማ እንዳለ ነው የሚያልቀው። እሱንም ከመጽሐፉ ያወጣው የለም። ምእመናን ይሄን ሁሉ ዘመን ሲጸልዩበት ኖረዋል። አንቺ ረቡዕ ማታ ያልሽው አንድ ቃል ከዚያ መዝሙር አይብስም።

የእናቴን ነገር ያነሳሁት ለሌላም ነው። ጠዋት ከሰሏን እያራገበች የምትለው ነገር ነበራት። «ተመስገን አምላኬ፣ ጉልበቴ ግን ዛሬም እምቢ አለኝ፣ አንተው ታውቃለህ» ትል ነበር። በአንድ ትንፋሽ። ምስጋናውና እሮሮው አይጣሉባትም ነበር። ልጅ ሳለሁ ልብ ብዬው አላውቅም። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በእንዳንቺ ዓይነት ቤተ ክርስቲያን አድጌ፣ ፊቴን አስተካክዬ «ጌታ ይመስገን» ማለትን ከለመድኩ በኋላ ነው የገባኝ። እኛ ሁለቱን ለያየናቸው። ተመስገን ካልሽ ጉልበቴ አትበይ፣ ጉልበቴ ካልሽ ተመስገን አይቀበሉሽም። ይሄንን ከየት እንዳመጣነው እንጃ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ግን አላመጣነውም።

ዕንባቆምን አንብቢው፣ ሦስት ምዕራፍ ብቻ ነው፣ በታክሲ ሰልፍ ላይ ያልቃል። ሁላችን የምናውቀው መጨረሻውን ነው፣ «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» የሚለውን፣ በየግድግዳው ለጥፈነዋል። ግን መጽሐፉ ሲጀምር ሰውየው እየጮኸ ነው፣ እስከ መቼ እጮኻለሁ አንተም አትሰማም እያለ። መጨረሻው ላይም ዘሎ ወደ ደስታው አልሄደም። መጀመሪያ የጎደለውን በስም በስሙ ቆጠረ። በለሱ፣ ወይኑ፣ ወይራው፣ እርሻው፣ በጉ፣ ላሙ። ስድስት ነገር። ከዚያ በኋላ ነው «እኔ ግን» ያለው። አንቺም የራስሽን ቁጠሪ። ውሃው፣ ሞተሩ፣ ኪራዩ፣ የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የባልሽ ዝምታ፣ የታክሲው ሰልፍ። ሳትቆጥሪ «እኔ ግን» ብትይ ቃሉ አንጠልጣይ ይሆናል፣ ምንን አልፎ እንደመጣ አይታወቅም።

አሁን «ምስጋና በር ይከፍታል» ወደሚለው። ይሄ አባባል የመጣው ከሐዋርያት ሥራ 16 ነው፣ ጳውሎስና ሲላስ ፊልጵስዩስ ታስረው እኩለ ሌሊት ላይ ሲዘምሩ የወኅኒው በር የተከፈተበት። ስንት ጊዜ ተሰብኮልናል! ግን እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

ሁለቱ ሰዎች ያን ዕለት በአደባባይ በበትር ተደብድበዋል። እግራቸው በግንድ ተጣብቋል። ቁስላቸውን ያጠበላቸው ሰው አልነበረም። ይሄን በምን አወቅን ብትይኝ፣ የወኅኒ ጠባቂው ቁስላቸውን ያጠበው በኋላ ነው፣ ምድሩ ከተናወጠ ወዲያ። ስለዚህ ሲዘምሩ ደሙ ጀርባቸው ላይ ነበር ማለት ነው። ሉቃስ ደግሞ የጻፈው ዘመሩ ብቻ ብሎ አይደለም፣ እየጸለዩ ይዘምሩ ነበር ነው የሚለው። ምን ብለው እንደጸለዩ አልነገረንም። እኔ ግን የተደበደበ ሰው ጸሎት ውስጥ «አመመኝ» የሚል ቃል ሳይኖር ይቀራል ብዬ ማሰብ አልችልም።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። የሁሉም እስራት ተፈታ። እነሱስ ምን አደረጉ? አልወጡም። እዚያው ቁጭ አሉ! ጠባቂው እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፉን ሲመዝ፣ ጳውሎስ ጮሆ ሁላችንም እዚህ አለን አለው። መዝሙሩ የበር መክፈቻ ቢሆንማ ኖሮ በሩ ሲከፈት መውጣት ነበረባቸው። እነሱ የዘመሩት አብሯቸው እዚያ ጨለማ ውስጥ ላለው ለእግዚአብሔር ነበር። ስለዚህ አንድ ወር አመስግነሽ በሩ ስላልተከፈተ ምስጋናሽ አልሠራም ማለት አይደለም። የተነገረሽ ነገር ነው የተሳሳተው። ምስጋና ቁልፍ ነው ተባልሽ፣ በወሩ መጨረሻ በሩን ገፋ ብታደርጊው እምቢ አለ፣ አንቺም ጥፋቱን ከራስሽ ፈለግሽ። እንዲህ ያለ ሸክም ጀሪካኑ ላይ ተጨምሮ!

ታሪኩ በዚያ አያልቅም። ጳውሎስ ከዓመታት በኋላ እንደገና ታሰረ፣ ከእስር ቤትም ለዚያችው ለፊልጵስዩስ ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ጻፈ። ይሄ ደብዳቤ ስለ ደስታ ደጋግሞ ያወራል፣ ሲጽፈው ግን በሩ እንደተዘጋ ነው። ደብዳቤው ሲነበብ ያ የወኅኒ ጠባቂ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ይሰማ እንደሆነስ እያልኩ ሁሌ አስባለሁ። እዚያ ላይ ጳውሎስ ያለኝ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ ይላል። ተምሬአለሁ ነው ያለው። ሰው አንድ ነገር የሚማረው በአንድ ሌሊት አይደለም፣ ሲማርም ይሳሳታል። በዚያው በደስታው ደብዳቤ ስለ ወዳጁ ስለ አፍሮዲጡ ሕመም ሲያነሳ፣ እሱ ቢሞት ኖሮ ኀዘን በኀዘን ላይ ይሆንብኝ ነበር ብሎ ጽፏል። አልደበቀም። ሌላም አለ። ፊልጵስዩሶች ገንዘብ ልከውለት ተቀብሏል፣ በመከራዬ ተካፋይ ስለሆናችሁ መልካም አደረጋችሁ ብሎም አመስግኗቸዋል። ያለኝ ይበቃኛል ያለው ሰው እርዳታ ሲመጣለት አልመለሰም።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ። እናቴ የታመመች ዓመት ማስታመሙ እኔ ላይ ነበር። ወንድሜ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፣ በየሳምንቱ ይደውላል። «እንዴት ናችሁ?» «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን።» ስድስት ወር እንዲህ አልኩት። እናታችን አልጋ ላይ ውላ፣ እኔ ሌሊት ሳልተኛ፣ ለመድኃኒት ተበድሬ። በኋላ መጥቶ ሲያያት በጣም አዘነብኝ። «እኔ እኮ ደህና ናችሁ ብዬ ነው፣ እሷ የእኔም እናት አይደለች?» አለኝ። የምለው አጣሁ። እኔ እምነት መስሎኝ ነበር። ለካ «ጌታ ይመስገን» እያልኩ ጌታ ሊረዳኝ የላከውን ሰው ከደጅ እየመለስኩት ኖሯል። ይሄን ያህል ዓመት አልፎም ያቺን ፊቱን አልረሳትም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። ባለቤቴ ቤት ውሎ ቤት ያድራል ብለሻል። ጀሪካኑን ማን ነው የሚያወጣው? በደብዳቤሽ ሁሉ «አወጣለሁ» ነው የሚለው። ከአምስት ዓመቷ ልጅሽ በቀር አብሮሽ ደረጃው ላይ ያለ ሰው አላየሁም። ባልሽን ሰነፍ ነው አልልም፣ አላውቀውም። ሥራ የፈታ ወንድ ግን ብዙ ጊዜ ኀፍረቱ እጅና እግሩን ያስረዋል፣ ቤት ውስጥ ያለ ሥራ እንኳ እያየው መነሳት ያቅተዋል፣ አንቺ ደግሞ እንዳይከፋው ብለሽ ዝም ትያለሽ፣ እሱም ዝም ይላል፣ እንዲህ እያላችሁ አራት ወር ሞላችሁ። ለእሱም «ጌታ ይመስገን» እያልሽው ይሆን? ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ በሉና እውነቱን ንገሪው። ሳትጮኺ፣ ሳትሰድቢው። «ደክሞኛል፣ ወገቤ አልቻለም፣ የዓርቡን ውሃ አንተ አውጣልኝ» በይው። ምናልባት አንድ ሰው አንተን እፈልግሃለሁ እስኪለው ድረስ እየጠበቀ ይሆናል። ስለ ሥራውም ያቺን አንዲት መኪና ብቻ ከመጠበቅ፣ የሚያውቃቸውን ሹፌሮች በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አሳርፋችኋለሁ ብሎ ይጠይቅ። ትንሽ ናት፣ ግን ከቤት ታወጣዋለች።

የቤት ኅብረቱንም አትተዪ። የፊታችን ረቡዕ «እንዴት ነሽ» ሲሉሽ እንደ እናቴ በይ። «ጌታ ይመስገን፣ ግን ደክሞኛል፣ ልትረዱኝ ትችላላችሁ?» ከዚያ የምትፈልጊውን በግልጽ ንገሪያቸው። ጸልዩልኝ ብቻ ብለሽ አትቁሚ። የማክሰኞን ሌሊት አንድ ወጣት ከኅብረቱ መጥቶ ሦስት ጀሪካን ቢያወጣ ምን ይጎዳዋል? ያቺ እህት ደግማ «አትበይ» ካለችሽ፣ የኢዮብን ወዳጆች አስታውሺያት። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። የከፋው ማስተማር ሲጀምሩ ነው። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ስለ እኔ ቅን ነገር ተናገረ ያለው ያንን ሁሉ ያማረረውን ኢዮብን ነው፣ እነሱን ግን ተቆጣቸው።

አሁን ወደ ኳየሩ። ለጥቂት እሁዶች አትውጪ ያልኩሽ ቅጣት አይደለም። ለመሪያችሁ እውነቱን ንገሪውና ከሕዝቡ መሀል ቁሚ። ያ አራት ሰዎች ተሸክመው ጣሪያ ቀደው ያወረዱት ሽባ ትዝ ይልሻል? ማርቆስ ኢየሱስ እምነታቸውን አይቶ ነው የሚለው። እምነታቸውን። ሰውየው አልጋው ላይ ተኝቶ ምን ያስብ እንደነበር አልተጻፈም፣ ምናልባት እሱም ደክሞት ነበር። አንቺ 11 ዓመት ሙሉ ስንቱን የደከመ ሰው በዝማሬሽ ተሸክመሻል፣ ከወንበሩ ቁጭ ብሎ አፉ አልከፈት ያለውን። አሁን ተራው የነሱ ነው። አፍሽ እሺ ሲል ዘምሪ፣ እምቢ ሲል ስሚ። ሌላው ሲዘምር አጠገቡ ዝም ብሎ መቆምም አምልኮ ነው። መድረኩ የትም አይሄድም።

እንቅልፍሽንም ጠይቂ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ወድቆ በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰዳት ባለ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፣ አመስግን አላለውም። ያመጣለት እንጎቻና በማሰሮ ውሃ ነው። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። እንደገና ቀሰቀሰው፣ እንደገና አበላው። መንገዱ ሩቅ ነውና አለው። አምላካችን የደከመ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው እንዲህ ያውቃል። በሳምንት ሁለት ሌሊት ሳይተኛ የሚያድር ሰው ልቡ ቢደነዝዝ ምን ይገርማል? ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ለቅሶው ካላቆመ፣ ወይም እንደ ኤልያስ መኖር ካስጠላሽ ግን ጊዜ ሳትሰጪ ጤና ጣቢያ ሂጂና ለሐኪም ንገሪ። ሐኪም ቤት መሄድም እምነት ማጣት አይደለም።

ምስጋናውስ? አመስግኚ እንጂ! ግን ያልሆነውን ሆነ ብለሽ አታመስግኚ። ትልቅ ትልቁን ትተሽ እውነት የሆነውን ያዢ፣ ትንሽም ቢሆን። ደግሞ ጀምረሽዋል፣ አላስተዋልሽውም እንጂ። በዚያ ሁሉ እሮሮ መሀል አንድ መስመር ጽፈሻል፣ ትንሿ ልጅሽ ሃይላንድ ይዛ ከኋላሽ እንደምትከተል። ማንም አላስገደደሽም፣ ለጥያቄሽም አያስፈልግም ነበር፣ ግን ጻፍሽው። እሷን ልጅ ስታስቢ ልብሽ ውስጥ የሚሆነው ነገር፣ እሱ ነው ከልብ የወጣ ምስጋና። በሚቀጥለው ጊዜ ደረጃው ላይ ቆም በይና ዞረሽ እያት፣ ከዚያ «ጌታ ሆይ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው፣ ስለዚህች ልጅ ግን ተመስገን» በይው። ከዚያ በላይ ማለት ካልቻልሽ ተይው፣ ይበቃል።

ውሃው ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው ያልሺኝ። ስምሽን ባላውቀውም በእነዚያ ሌሊቶች ከመተኛቴ በፊት «ጌታ ሆይ፣ ያቺን የአራተኛ ፎቋን» እያልኩ እጸልይልሻለሁ። መኪናዋ ስትነሳ ጻፊልኝ። ባትነሳም ጻፊልኝ።